ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ሲስተር

ሲስተር ጠጂቱ መሞቷን ያወቅኩት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ወረቀቱን የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። የሰው ሀብት ጸሐፊዋ በጠዋት ጠርታ «ለሚ፣ እስቲ ይቺን ለጥፍልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ጥጎቹን ሙጫ እየቀባሁ ሳለ ስሟን አየሁት። «ቀደም ሲል በግቢያችን ለሠራተኛው የጥርስ ሕክምና ትሰጥ የነበረችው» ይላል። ሁለት ሠራተኞች ከኋላዬ ቆመው አነበቡ።

«የቷ ናት ደግሞ?» አለ አንዱ፤ አዲስ ተቀጣሪ ነው።

«ያቺ ግራና ቀኟን የማታውቀዋ» አለው ጓደኛው።

ሳቅ ብለው ሄዱ። እኔ ሙጫዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ግራና ቀኙን ያልለየው ሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ ዞር ብዬ አልመለስኩላቸውም፤ እዚህ የምጽፈው ለዚያ ነው።

እኔ አምቦ ውስጥ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ባንድ አጥር የሚኖሩበት ግቢ ጥበቃ ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቀበሌ በተከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ቆጠርኩ፤ የአማርኛውን ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

እሷ የጥርስ ነርስ ነበረች፤ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ያን ጊዜ አንድ የግቢያችን ሠራተኛ ጥርሱን ሲያመው መጀመሪያ የሕክምና ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የምትይዘው ሴትዮ ስብሰባ ላይ ከሆነች ነገ ተመለስ ነው። እስከዚያ ሰውየው ጉንጩን በፎጣ አስሮ፣ ቅርንፉድ ነክሶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ሲያናግረው በእጁ ሂድ ይለዋል። ሲስተር ጠጂቱ ይህን አየችና ማመልከቻ ይዛ መጣች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ልሥራ፤ አንድ ክፍልና የውሃ ቧንቧ ስጡኝ፤ ሌላውን ከጤና ጣቢያ አመጣለሁ ነው የምትለው።

ጠቅላላ የሠራተኛ ስብሰባ ተጠራ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ሰው ለዚህ ይህን ያህል ይከራከራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«አለቃዬ በሚያልፍበት ኮሪደር አፌን ልከፍት ነው?» አለች አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ።

«ጩኸቱስ? ባለጉዳይ ሰምቶ እዚህ ሰው ይገረፋል ቢልስ?»

«የኃላፊያችን አፍ አንዴ ከተከፈተ ሐሙስ ብቻ አይበቃም» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ ራሱን ደብቆ። ሳቁ እስኪበርድ ኃላፊው መነጽሩን ጠረገ።

ከዚያ ኦቦ ዲሪባ ተነሱ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። «ገበሬው ከሸነን፣ ከጉደር ጉንጩን ይዞ መጥቶ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይጠብቃል» አሉ። «እኛ ከወንበራችን ሳንነሳ ልንታከም ነው? የምንወስደው እኮ የሱን ነርስ ነው።» እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። አሁንም ቢሆን ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ሲስተር ጠጂቱ ተነሳች። አጭር ናት። ልትናገር ስትል መዳፎቿን ታፋትጋለች፤ ይህ የማይለቃት ልማድ ነበር። «ልክ ነዎት ኦቦ ዲሪባ» አለች። «ነገር ግን ገበሬው ወረፋ የሚጠብቀው እኛ ጋ ብቻ አይደለም፤ እናንተም ጋ ይጠብቃል። ትናንት አንድ ሽማግሌ ከዚህ ግቢ ሲወጡ አግኝቻቸው ነበር። ፋይላቸውን የያዘው ሠራተኛ ጥርሱን አሞት አምስት ቀን ቀርቷል። አምስት ቀን ተመላልሰዋል። ጠዋቱን ለናንተ፣ ከሰዓቱን ለባለጉዳይ አደርገዋለሁ። ካልሠራ ዝጉት።»

ኃላፊው «እንሞክረው» አለ። የተሰጣት ክፍል የድሮ ወረቀት የተከመረበት መጋዘን ነው። ራሳቸው ላይ «ሀገረ ሕይወት» የሚል የድሮው የአምቦ ስም የታተመባቸውን ሰነዶች እኔና እሷ እየተሸከምን ወደ ጓሮው መጋዘን አዛወርን። በአቧራ ነጭ ሆነን ስንወጣ «አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፤ ጥርሳችንን ማየት አለብን» አለችኝ። ስትቀልድ አትስቅም።

በሽተኛ ሲቀመጥላት ወንበሩን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እጇን አፋትጋ ታሞቃለች። ከዚያ ሁሌም ያንኑ ትላለች፦ «እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ። ካላቆምኩ ንከሰኝ።» ታቆማለች ደግሞ። ዐሥር ጊዜ ቢያነሱባት ዐሥር ጊዜ ታቆማለች። አንድ ሾፌር እንዳለችው ነከሳት። ጓንቷን አውልቃ ጣቷን ገልብጣ አየችና «እነዚህኞቹ እንኳ ደህና ናቸው» አለችው። በኮሪደር አፌን አልከፍትም ያለችዋ የሒሳብ ሠራተኛ በሦስተኛው ሐሙስ መጥታ ከሰልፉ ፊት ተቀመጠች። ኦቦ ዲሪባም መጡ፤ ግን ከሰዓት፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተሰልፈው ነው። እሷም ቀድመው ይግቡ አላለቻቸውም።

ረዳት አልነበራትም። ገና በመጀመሪያው ሐሙስ በበሯ ሳልፍ ጠራችኝ።

«ኦቦ ለሚ፣ ታነባለህ አሉ።»

«ቁቤ ብቻ ነው።»

«ይበቃል። ና ቁጭ በል።»

በዚያው ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ኃላፊው «የካርድ ረዳት» የሚል የምደባ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ያን ደብዳቤ አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር የምይዘው። በሽተኛ በሌለ ጊዜ ከካርዶቹ ላይ ስም እየጠቆመች የአማርኛውን ፊደል ታስነብበኛለች። ስሳሳት አትናገርም፤ ላጲስ ትገፋልኛለች። ሳልሳሳትም አታመሰግንም፤ ቀጣዩን ካርድ ትሰጠኛለች።

ካርዱ ላይ የሰው ጥርስ በሁለት ረድፍ ታትሟል፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ። እሷ አፍ ውስጥ እያየች ትጠራልኛለች። «ታች ቀኝ፣ ከመሃል ስድስተኛ፣ ተነቅሏል።» እኔ ቆጥሬ ጥርሱን እከብበዋለሁ፤ ግርጌው ላይ እፈርማለሁ። ካርዱ የተሳለው ግን በሽተኛው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ እንደምታየው ነው። የሱ ቀኝ ካርዱ ላይ በግራ በኩል ይወድቃል። የተማረ ያውቀዋል። እኔ የምቀመጠው ከበሽተኛው ጀርባ ነው። ቀኝ ስትለኝ በቀኝ እጄ በኩል እከብባለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ጻፍኩ።

ያወቀችው አንዲት ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ነው። ካርዱን አየች፣ አፏን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። ሴትዮዋን አክማ ሸኘች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አላሳየሁህም። እስካሁን ያሉትን በአዲስ ካርድ ገልብጥልኝ። ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ተምሬ የጻፍኩት ሁሉ እንዳልተጻፈ ሆነ፤ እሷ ደግሞ ጥፋቱን ከእጄ ነጥቃ የራሷ አደረገችው። ጥፋት እንኳ የራሴ አይሁን? ሁለት ቀን ተቀምጬ ግማሹን ገለበጥኩ። ሌላውን እንዳለ አስሬ ከታረመው ጋር ቀላቀልኩት። ማን ያየዋል አልኩ። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።

«ጨረስክ?» አለችኝ በሐሙሱ።

«ጨረስኩ» አልኳት።

አመነችኝ።

ካልታረሙት ውስጥ የገመቹ ካርድ ነበር። ገመቹ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው። ቤቱ ሸነን ነው፤ ሚስቱ አዴ ጫልቱ እዚያ አስተማሪ ናት። አርብ አርብ ወደሷ ይሄዳል፤ ሰኞ ጠዋት ጫማው ጭቃ ነክቶት እኔ ጋ፣ በሩ ላይ ይፈርማል። ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች አንዱ እሱ ነበር። ታች ቀኝ ስድስተኛውን ነቀለችለት።

መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ አርብ ወጣ። ሰኞ አልፈረመም። ሐሙስ ላይ አዴ ጫልቱ መጣች። «እናንተ ጋ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ነበር» አለች። እኛ ደግሞ እሷ ጋ አሞት ነው ብለን ነበር። ማን ምን እንዳደረገው አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።

ክረምቱ አልፎ፣ ሌላም ክረምት አልፎ፣ እንጨት የሚለቅሙ ሰዎች ከመንገዱ በታች ገደል ውስጥ የሰው አጥንት አገኙ። ልብሱን ዝናብ ጨርሶታል፤ መታወቂያ የለም። መርማሪው የጥርስ ካርድ ያለው ግቢ እንዳለ ሰማና ሲስተር ጠጂቱን ሆስፒታል ወስዶ አሳያት። ከዚያ ካርዱን ሊያዩ ወደ ክፍላችን መጡ፤ እሷ፣ መርማሪው፣ ከበሩ ላይ ኃላፊው። አዴ ጫልቱ ውጭ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ሁለት እህቶቿ በግራና በቀኝ ይዘዋታል።

«ታች ቀኝ ስድስተኛ የለውም» አለች ሲስተር። «ቦታው ድኖ አጥንት ሞልቷል። እኔ የነቀልኩት ይመስለኛል። ለሚ፣ የገመቹን ካርድ።»

ሳወጣው ገና አወቅኩት። ክቡ በካርዱ ቀኝ በኩል ነው። ይህ ማለት ካርዱ የገመቹ ግራ ነው የተነቀለው ይላል። ተቀብላኝ ብዙ አየችው። ከዚያ መርማሪውን ትታ ወደኔ ዞረች።

«ኦቦ ለሚ፣ ይሄ ገልብጠህ ካረምካቸው ነው?»

ሁሉም ዞሩብኝ። ኃላፊው ክንዱን አጣጥፎ ያየኛል። አይደለም ብል እስከ ምሳ ሰዓት ወደ በሩ እመለሳለሁ። ጥበቃ ብዕር ሲይዝ እንዲህ ነው ይሉኛል፤ እኔ ስፈራው የኖርኩት ይህን ነው። ውጭ የቆመችውን ሴት አስቤያት ነበር ብል ውሸት ነው። አላሰብኳትም።

«አዎ» አልኩ። «ታርሟል።»

«እጄ ግን ቀኝ ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «በቀኙ ቆሜ ነው የነቀልኩት።»

«ሲስተር፣ እጅ አይፈርምም» አለ መርማሪው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። «ካርዱ ግራ ይላል፣ አጥንቱ ቀኝ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መዳፎቿን አፋተገች። አንዴ ደግማ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«በካርዱ ከሆነ እሱ አይደለም» አለችና ፈረመች።

ለአዴ ጫልቱ ስትነግራት በመስኮት አየሁ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ገለታ ዋቃ» እያለች፣ ፈጣሪን እያመሰገነች፣ የሲስተርን እጅ ሳመች፤ አንዱን እጅ፣ ከዚያ ሌላውን። እህቶቿ አነሷት። እየሳቀች ነበር። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ መስታወት ፊት ጢሜን ስላጭ፣ ቀኜ ግራ ሆኖ ሲታየኝ፣ እዚያው ከኋላዬ ነው። አጥንቱን ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ስም ቀበረው።

ክፍሉን የሚጠሉት ሰዎች የቆዩት ለዚህ ቀን ነበር። ስብሰባ ተጠራ፤ ሕክምናው በግቢው ይቀጥል ወይስ ይቅር ተባለ። «የራሷ እጅና የራሷ ካርድ የማይስማሙላት ሴት ናት» አሉ። «ወይ ካርዷ ተሳስቷል ወይ እጇ። ለዚች አፌን አልከፍትም።» ኦቦ ዲሪባ ብቻ ተነሱ። «ያን ጊዜ አይከፈት ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አይዘጋ የምለውም እኔ ነኝ» አሉ። «እነዚያ ከሰዓት የሚመጡት ሰዎች ወዴት ይሂዱ?» እጅ ተቆጠረና ክፍሉ ተዘጋ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ሳይጠይቁኝም አልተናገርኩም። ክፍል ከሌለ የካርድ ረዳት የለምና ወደ በሩ ተመለስኩ። የፈራሁት አልቀረልኝም።

ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ሲስተር ጠጂቱ አንድ ሥራ ሠራች። የመጀመሪያዎቹን የሁለት ወር ካርዶች በጉያዋ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። «እስቲ አፍሽን ክፈችልኝ» ትላለች። ታያለች፣ ካርዱን ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ቢሮ ትሄዳለች። ሰዉ አበደች አለ። እኔ ከጥበቃ ቤቴ ሆኜ በየመስኮቱ ስታልፍ እከተላታለሁ። ምን እየፈለገች እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ወደ በሩ መጣች። ብድግ አልኩ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። የምትለውን ጠበቅኩ።

«ደህና ሁን ኦቦ ለሚ» አለችኝ። ሄደች።

በዚያው ሳምንት የሸነን መኪና ላይ ስትሳፈር አዩዋት። ነገረችብኝ አልኩ። መርማሪውን ጠበቅኩ፣ ኃላፊውን ጠበቅኩ፣ የገመቹን ወንድሞች ጠበቅኩ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እነሱ ናቸው። ማንም አልመጣም። እሷ ወደ ትውልድ አገሯ ጌዶ ተዛወረች። ከዚያ በኋላ ስሟን ያነበብኩት ያን ወረቀት ስለጥፍ ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሸነን ወረድኩ። ትምህርት ቤቱን ጠይቄ ደረስኩ። አዴ ጫልቱ ተማሪዎቹን ለእረፍት አውጥታ ሰሌዳ ትጠርግ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ የቆየ ጥቁር፣ ከመታጠብ ብዛት የገረጣ።

«ከአምቦ ነው የመጣሁት። የግቢው…»

«አውቅሃለሁ» አለች። «ካርድ ክፍል ነበርክ። ሲስተር ሞታ ከሆነ የመጣኸው፣ ሰምቻለሁ። ከለቅሶዋ ትናንት ነው የተመለስኩት።»

«ለሱ አይደለም» አልኩ። «ያን ካርድ ቀኙን ግራ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርም ተብዬ አላረምኩም። ስጠየቅም ታርሟል ብዬ ዋሸሁ። ገመቹ እሱ ነበር።»

መጥረጊያውን አስቀመጠች። ጠመኔውን ከጣቶቿ አራገፈች።

«እሱ መሆኑን ነግራኛለች» አለች። «እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ቆማ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካርዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ባልሽ ነውና አልቅሺለት አለችኝ። ልመታት ተነሳሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠችልኝ። እጄን አንስቼ ቆሜ ቀረሁ።»

«ስለኔ አልተናገረችም?»

«ካርዱን ስታሳየኝ፣ ግርጌው ላይ የሚፈርም ሰው ነበረሽ አልኳት። ‹እሱን ተዪው› አለችኝ። ‹በዚያ ዕድሜው ነው እርሳስ የጨበጠው። ይሄን ከሰማ ዳግመኛ አይነካውም።›»

አዴ ጫልቱ አልጨረሰችም።

«ለአንተ አዘነች። ለኔስ?» አለች ድምፅዋን ሳትለውጥ። «አብረን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። መቃብሩ ላይ ስሙን ልጻፍ አልኩ። አይደለም የሚል የተፈረመ ወረቀት አለን አሉ። እሷ ካርዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለች። ካርዱ ግርጌ ያለው ፊርማ ያንቺ አይደለም፤ የፈረመው ሰው መጥቶ በጽሑፍ ያረጋግጥ አሏት። ዝም አለች። ጎኗን ጎሰምኳት፤ ዝም አለች። ስንወጣ ደግሜ እንዳታናግሪኝ አልኳት። አንተ ጋ ብመጣም እሷ ሳትመሰክር ትክዳለህ ብዬ ተውኩት። ይኸው ለቅሶዋ ላይ ነው የደረስኩት።»

ውጭ ተማሪዎቹ ይጯጯሃሉ። እኔ ሁሉን ነገር አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር፤ ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ክሱን። ሲስተር ጠጂቱ ጥፋተኛ ስትባል ለመስማት ግን አልተዘጋጀሁም። ለዚያም ቢሆን ምክንያቱ እኔው ነኝ።

«ይከሱህ ይሆናል» አለች።

«ይክሰሱኝ።»

ከተማሪ ደብተር ሁለት ገጽ ቀደደችና ብዕር ጨምራ ሰጠችኝ። ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ካርዱን ማን እንደጻፈው፣ ቀኙና ግራው እንዴት እንደተዘዋወረ፣ ማን እንደዋሸ፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ግርጌው ላይ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ አስፍሬ ፈረምኩ። ተቀበለችኝና ጣቷን ከየቃሉ ሥር እያስኬደች አነበበችው። መሃሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ‹ሟች› ብለሃል» አለች።

«አዎ።»

«ስም አለው።»

ወረቀቱን ለሁለት ቀድዳ ሌላውን ገጽ ፊቴ አስቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።